ጠያቂና መላሽ፦ ከስር የማይበርድ ሀሞክ ቤት ውስጥ እንዴት ይሰፋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ኖት ጋሼ? አምዱን ሁሌ ነው የማነበው፣ አቦ ይመችዎት። የምኖረው ድሬ ሳቢያን ነው። ከጓደኞቼ ጋር ጥር ላይ ኩንዱዶ ተራራ ሄደን ልናድር አስበናል፣ ድንኳን መግዣ የለንም ተሸክሞ መውጣቱም ከባድ ነው፣ እና ሀሞክ (ሁለት ዛፍ መሀል የሚንጠለጠለውን የጨርቅ አልጋ) ልስፋ ብዬ ተነሳሁ። እናቴ ጋ በእግር የሚሰራ ሲንጀር አለ፣ ቀጥ ያለ ስፌት አያቅተኝም። ችግሩ ምን መሰልዎት፣ አንዴ ወደ ቁልቢ ስንሄድ መንገድ ላይ ጓደኛዬ ያመጣው ሀሞክ ላይ ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ውስጥ ገብቼ ተኛሁ፣ ከላይ ላብ በላብ ሆኜ ጀርባዬና ዳሌዬ ሲንቀጠቀጥ ነው ያደረው። ከመጀመሪያው የብርድ መከላከያው አብሮት የተሰፋ ሀሞክ መስራት ይቻላል ወይ? ምን ምን ልግዛ፣ ልኬቱስ? ዘርዘር አርገው ይጻፉልኝ። (አንባቢዎ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አንተም ይመችህ ወንድሜ። ይቻላል፣ ቀጥ ያለ ስፌት ካወክ አይከብድህም። ግን መቀስ ከማንሳትህ በፊት ያን ሌሊት ለምን እንደበረደህ እንግባባ፣ እሱ ካልገባህ የፈለከውን ያህል ወፍራም ነገር ብትሰፋበት መልሶ ይበርድሃል።

ስሊፒንግ ባግም በለው ጋቢም በለው፣ የሚያሞቅህ ጨርቁ ወይ ፋይበሩ ራሱ አይደለም፣ ውስጡ ታፍኖ የተቀመጠው አየር ነው። ሀሞክ ላይ ስትተኛ ክብደትህ ከስርህ ያለውን ፋይበር ድፍጥጥ ያደርገዋል፣ አየሩ ወጣ ማለት ነው፣ ከሱ በታች ያለው ደግሞ አንድ ስስ ጨርቅና ንፋስ ብቻ። መሬት ላይ ብትተኛ መሬቱ ቢቀዘቅዝም ንፋሱ ቢያንስ በስርህ አያልፍም። ከላይ አልቦህ ከታች የተንቀጠቀጥከው ለዚህ ነው እንጂ ባጉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ሌላ ውድ ባግ ብትገዛም ያው ነው።

ሀሞክ ሲጀመርም የሞቃት አገር አልጋ ነው። ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ካሪቢያን ደሴቶች ሲደርስ የአገሩ ሰዎች ከጥጥ ክር የተሰራ ተንጠልጣይ አልጋ ላይ ሲተኙ ነው ያገኛቸው፣ እዛ አገር ከስር የሚያልፈው ንፋስ ትልቅ ጥቅም ነው። ድሬም ከሰዓት በኋላ ኒም ዛፍ ስር ብትሰቅለው ያንኑ ጥቅም ታገኛለህ። ድሬ ግን 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኩንዱዶ ወደ 3,000 ይጠጋል፣ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ንፋሱን ሳንቆጥር ከፍታው ብቻ ከ10 ዲግሪ በላይ ይወስድብሃል። ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ደግሞ ሌሊቱ ይብሳል።

ስለዚህ መከላከያው ከጀርባህ ስር ይሁን፣ ክብደትህን ግን አይሸከም። ቀጥሎ የምነግርህ ልኬት ሁሉ ለዚህ ሲባል ነው።

አብሮ ለመስፋት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሀሞኩን ድርብ አርገህ ሰፍተህ በሁለቱ ጨርቅ መሀል ፎም ማስገባት ነው። ጂም ቤት የሚነጠፈው ጠጠር ያለው ፎም ይሰራል፣ ብትተኛበትም ብዙ አይጨመቅም ውሃም አይጠጣም። የአልጋው ቢጫ ስፖንጅ ግን አይሆንም፣ ይደፈጠጣል፣ እርጥበት ካገኘ እስከ ጠዋት አይደርቅም። የፎም ችግሩ ሀሞኩ ሲጎብጥ እሱ እንደልብ አለመጉበጡ ነው፣ ሌሊት ስትገላበጥ ከስርህ ይንሸራተታል፣ ትከሻህ ከፎሙ ውጪ ይቀራል፣ ላብም ያመጣል። ጊዜ ካጠረህ እሱን አድርግ። እኔ የምመርጥልህ ግን ሁለተኛውን ነው፣ ፋይበር ያለበት ሽፋን ሰርተህ ከሀሞኩ ውጪ በስሩ ማንጠልጠል፣ አንዱን ጎን ከሀሞኩ ጠርዝ ጋር ለዘለቄታው ሰፍተህ ሌላውን ጎን በዚፕ። አንተ ሁለቱንም ጎን ልትሰፋው አስበህ ይሆናል፣ ግን የምትኖረው ድሬ ነው፣ ከኩንዱዶ ስትመለስ ዚፑን ከፍተህ ሽፋኑን ወደ ጎን ካልጣልከው በመጋቢትና በሚያዝያ ያንን ሀሞክ አትተኛበትም።

እንግዲህ ግዢ። ለሀሞኩ ሰዉ የፓራሹት ጨርቅ የሚለው፣ በተለይ ትናንሽ አራት ማዕዘን መስመር ያለበት ናይለን ጥሩ ነው፣ መስመሩ ጨርቁ አንድ ቦታ ቢቀደድ ቀዳዳው እንዳይሮጥ ይይዘዋል። የጃንጥላ አይነት ስሱን አትንካው፣ ጠንከር ያለ ካጣህ ሁለት ድርብ አርገው። ታይዋን ገበያም ሂድ አሸዋ ገበያ፣ ነጋዴው ናይለን ነው ስላለህ ብቻ አትመን፣ ከጫፉ ክር ምዘዝና ክብሪት ለኩስበት፣ ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ አመድ ይሆናል፣ ናይለን ወይ ፖሊስተር ከሆነ ወደ ኋላ እየሸሸ ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠጣር ዶቃ ይሰራል። ከዛ ጨርቁን አፍህ ላይ ግጥም አርገህ ንፋበት። በቀላሉ ካለፈ ንፋስም ያሳልፋል። ጭራሽ የማያልፍ ከሆነ ደግሞ ከላስቲክ አይለይም፣ ከሰውነትህ የሚወጣው እርጥበት ፋይበሩ ውስጥ ይጠራቀምና ጠዋት እርጥብ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ የረጠበ ፋይበር ደግሞ እንደ ደረቁ አያሞቅም። ትንሽ እየታገለ የሚያልፈውን ግዛ። ወርዱ 1.50 ሜትር ከሆነ፣ ሀሞኩን ካልደረብከው፣ ለሁሉም 7 ሜትር ይበቃሃል።

ፋይበሩ ጃኬት ውስጥ የሚገባው ነጩ፣ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ በሜትር የሚሸጠው ይሁን። ትራስ ውስጥ የሚጠቀጠቀው ብትንትኑ ቁልቁል ተንሸራቶ ዳሌህ ስር ይከመርና ጎንና ጎኑ ባዶ ይቀራል። ምንጣፉ ከጠፋ ሰልባጅ ውስጥ ያለቀለት ኮምፎርት ፈልግ፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ ያው ፋይበር ነው፣ ርካሽም ነው። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፣ በእጅህ ጎትተህ ቶሎ ከተበጠሰልህ አትግዛው። መርፌ 12 ወይ 14 ቁጥር አዲስ።

አሁን ሀሞኩ። 3.50 ሜትር ቁረጥ፣ ወርዱን እንዳለ ተወው። ሁለቱን ረጅም ጎን አንድ አንድ ሳንቲ ሁለቴ አጥፈህ ስፋ። ናይለን ያንሸራትታል፣ ስፒል ብትወጋበት ደግሞ ቀዳዳው አይጠፋም፣ ስለዚህ በልብስ መቆንጠጫ እየያዝክ ስፋው፣ የተቆረጠውን ጫፍ በሻማ ዳር ዳሩን ለብለብ ካረከው አይተረተርም። ሁለቱን አጭር ጫፍ 5 ሳንቲ አጥፈህ ገመድ የሚያልፍበት ቱቦ ስራ። ክብደትህ በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ሶስት መስመር ስፌት ጎን ለጎን፣ መነሻና መድረሻው ላይ ወደ ኋላ እየመለስክ። ከዛ የማይለጠጥ 6 ሚሊ ገመድ በቱቦው አሳልፍ፣ ጨርቁን ሰብስብና ገመዱን ቀለበት አርገህ እሰር፣ የተሰበሰበውን አንገት በሲባጎ ደጋግመህ ጠምጥመው። ገመድ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ቋጠሮው ጋ ስለሆነ ቋጠሮህን በየጊዜው እየው።

ከጫፍ ጫፍ፣ ከጭንቅላትህ በላይ የሚያልፍ የማይለጠጥ ቀጭን ገመድ ጨምርበት፣ ርዝመቱ ከሀሞኩ 83 ከመቶ ያህል፣ ላንተ 2.80 ሜትር። ዛፉ ቢራራቅም ቢቀራረብም ሀሞኩ ሁሌ እኩል እንዲረግብ የሚያደርገው እሱ ነው። ከስር የምትሰፋው ሽፋን የሚለካው በዚህ ጉብጠት ስለሆነ ጉብጠቱ በየቀኑ ከተቀያየረ ሽፋኑ አንድ ቀን ይላቀቃል አንድ ቀን ይጨመቃል፣ ይሄን ገመድ አትዝለለው።

ሽፋኑን ከመቁረጥህ በፊት ሀሞኩን ሰቅለህ ተኛበት፣ ግን በመሀል ቀጥ ብለህ አይደለም፣ አገዳደም፣ ጭንቅላትህ ወደ አንዱ ጎን እግርህ ወደ ሌላው ወጣ ብሎ። እንዲህ ስትተኛ ነው ጀርባህ የሚዘረጋው፣ ሀሞክ ወገብ ያሳምማል የሚሉት አብዛኞቹ መሀል ላይ የሚተኙ ናቸው። ጓደኛህ ትከሻህና ቁርጭምጭሚትህ የደረሰበትን ጠርዙ ላይ በሳሙና ያመልክትልህ፣ ሽፋኑ በነዚህ መሀል ነው የሚገባው።

ጨርቁን ደግሞ አዙረህ ተጠቀምበት። የ1.50 ወርዱ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን ይሸፍናል፣ ስለዚህ ከጥቅሉ የምትቆርጠው ሀሞኩን ከጎን ወደ ጎን የሚዞረውን ልክ ብቻ ነው። የውስጠኛውን 1.55 ቁረጥ፣ ከሀሞኩ ትንሽ ስለሚሰፋ ክብደት አያርፍበትም። የውጪውን ግን 1.67። ብዙ ሰው ሁለቱን እኩል ቆርጦ ነው የሚያበላሸው። ከስርህ ሲጎብጥ የውጪው ጨርቅ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ነው የሚዞረው፣ እኩል ከሆኑ የውጪው ይወጠርና ፋይበሩን ይጨፈልቀዋል፣ ተመልሰን ስሊፒንግ ባግህ ጋ ደረስን። ልዩነቱን ማስላት ቀላል ነው፣ ጉብጠቱ ግማሽ ክብ ይጠጋል፣ ስለዚህ የፋይበሩን ውፍረት በ3.14 አባዛ፣ 4 ሳንቲ ከሆነ 12 ሳንቲ ተኩል ገደማ ይመጣል፣ 1.55 እና 1.67 ያልኩህ ከዛ ነው። ፋይበርህ 6 ሳንቲ ከሆነ ወደ 19 ሳንቲ ልዩነት ስጠው።

ፋይበሩን በውጪው ልክ ቁረጥና ዙሪያውን ከውጪው ጨርቅ ጋር ያዘው፣ ከዛ የውስጠኛውን አልብሰህ ዝጋ፣ የሚተርፈውን ዳር ዳሩ ላይ እየሸበሸብክ። ለማሳመር ብለህ መሀል ለመሀል በመስመር አትስፋው፣ ስፌቱ ባለፈበት ሁሉ ፋይበሩ ይጨመቅና የብርድ መስመር ይሆናል። እንዳይንሸራተት ካልክ እዚህም እዚያም በእጅ ላላ አርገህ ነጥብ ነጥብ አስርበት፣ ይበቃል። በጭንቅላትና በእግር በኩል ያሉትን ጫፎች አጥፈህ የሱሪ ላስቲክ አስገባባቸው፣ ሲሰበሰቡ አፉ ገጥሞ ንፋስ አያስገባም። ከአራቱም ማዕዘን ደግሞ ላስቲክ አውጥተህ ከሀሞኩ ሁለት ጫፍ ጋር እሰረው፣ ሽፋኑን ወደ ላይ ሳብ አርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ከሀሞኩ ጋር ስታገናኘው በጎኑ እጥፋት ላይ ብቻ ስፋ፣ ክብደት በሚሸከመው መሀል ላይ መርፌ አይግባ።

ሲያልቅ ተኛና ጓደኛህ እጁን በሀሞኩና በሽፋኑ መሀል ያስገባ። እጁ ሁለቱንም እየነካ ግን ሳይጨናነቅ ካለፈ በቃ ተሳክቶልሃል። ክፍተት ካለ የማዕዘኖቹን ላስቲክ አጥብቅ፣ ከጠበበ አላላ። ከዛ ወደ ኩንዱዶ ከመሄድህ በፊት ከፍ ብሎ የሚበርደው ደንገጎ ላይ ወይ ሐረር ዘመድ ካለህ እዛ አንድ ሌሊት እደርበት። ድሬ ላይ ተኝተህ ሞቀኝ ብትል አልሞከርከውም።

የአሰቃቀሉን ነገር እባክህ ቸል አትበል። ዛፉ ላይ ቀጭን ገመድ አትጠምጥም ልጡን ይቆርጠዋል፣ ሶስት ሳንቲና ከዛ በላይ ስፋት ያለው የአይሱዙ ጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ተጠቀም። ዛፎቹ ከ4 እስከ 5 ሜትር ይራራቁ፣ በህይወት ያለ ወፍራም ዛፍ ይሁን። እንደ ክራር ክር ወጥረህ አትሰር። ቀበቶው ከአግድም 30 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ይውጣ፣ አንተ 70 ኪሎ ከሆንክ እያንዳንዱ ጫፍ 70 ኪሎ ይሸከማል፣ ወጥረህ 10 ዲግሪ ካደረከው ግን እያንዳንዱ ጫፍ ላይ 200 ኪሎ ይመጣል። መለኪያ ካጣህ ጠቋሚ ጣትህን አግድም አውራ ጣትህን ቀጥ ወደ ላይ አርግ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሄደው መስመር ወደ 30 ዲግሪው ይጠጋል። ስትቀመጥበት ከመሬት ከወንበር ከፍታ አይለፍ። የግቢ ብሎኬት አጥርና የጡብ ምሰሶ ላይ በፍጹም አትሰር፣ ወደ ጎን የሚጎትት ጉልበት እንዲችሉ አይደለም የተሰሩት፣ በሌላ አገር ሀሞክ የታሰረበት ምሰሶ ተደርምሶ የሞቱ ሰዎች አሉ። ኩንዱዶም አናቱ ገላጣ ሜዳ ነው፣ በዱር ፈረሶቹ ይታወቃል ግን መስቀያ ዛፍ አትጠብቅ፣ ማደሪያህን ዝቅ ብለህ ምረጥ፣ ፉኛን ቢራ ከተማ ላይ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዘህ ውጣ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐረር ጀጎል ነዋሪ ነኝ። ልጄ ሀሞክ አሰፍቶ በረንዳ ላይ ሰቅሏል፣ የልጅ ልጄ የ7 ወር ናት፣ እዛ ላይ ሲያስተኟት ቶሎ ነው የሚወስዳት። ብርድ ስለሚነካት ከስሩ የብርድ መከላከያ ሽፋን ላስደርግላት? መኪና ግርግር (የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ) የሚሰፋልኝ ልጅ አለ።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እማማ፣ ለልጅቷ መጨነቅዎ ደስ ይላል። ግን በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ ህጻኗን ሀሞክ ላይ አያስተኟት፣ ሽፋን ኖረውም አልኖረውም። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ህጻን በጀርባው፣ ጠንከር ያለና ዝርግ የሆነ ነገር ላይ ነው መተኛት ያለበት። ሀሞክ ይጎብጣል፣ አገጯ ደረቷ ላይ ሊያርፍና መተንፈሻዋን ሊያጠብ ይችላል፣ ብትገለበጥ ደግሞ ፊቷ ለስላሳው ጨርቅ ውስጥ ይገባል፣ በዚህ ዕድሜዋ ራሷን አታወጣም። ቶሎ የሚወስዳት መወዝወዙ ነው፣ እሱን በእቅፍዎ ወይም በአንቀልባ አድርገውላት ሲወስዳት አልጋዋ ላይ ያስተኟት። ከፍ ከፍ ያሉትም ልጆች ቢሆኑ ሰው ሳይኖር አይጫወቱበት፣ ገመዱ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ሽፋኑን ለልጅዎ ያሰፉለት፣ ለመኪና ግርግር ልጆች ከላይ የጻፍኩትን ልኬት ካሳዩዋቸው ከኔ የተሻለ ነው የሚሰፉልዎ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ድሬ ያላችሁም ስሙ። ትንኝ በስስ ናይለን አልፋ ትናከሳለች፣ አጎበሩ ከላይ ብቻ ከሆነ ከስር ጀርባችሁን ታገኛችኋለች። ድሬ በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጊ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቺኩንጉኒያ ገብቶባታል፣ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ቀን የምትናከሰዋ ናት፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ስር ጋደም ስትሉ ማለት ነው። ስለዚህ ለሙቀት ብላችሁ የስሩን ሽፋን ስትከፍቱ አጎበሩ ሀሞኩን ከነስሩ የሚከብ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሐረር ዙሪያ ውጪ ማደር እንፈልጋለን ግን ጅቡስ? ሀሞክ ከመሬት ከፍ ስለሚል ከድንኳን ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። ከመሬት በወንበር ከፍታ ነው ያለኸው፣ ለጅብ ይሄ ከፍታ አይደለም። ከፍ አርጌ ልስቀለው ብለህም አታስብ፣ ሌሊት ለሽንት ስትወርድ የምትሰበረው አንተ ነህ። ሐረር በር ላይ ማታ ማታ ስጋ ከሰው እጅ የሚበሉትን አይተህ የሜዳውን ጅብ እንደነሱ አትመልከተው፣ እነሱ ከሚያበሏቸው ሰዎች ጋር የተላመዱ ናቸው። ብቻህን አትደር፣ ገበሬ ቤት አጠገብ አስፈቅዳችሁ እደሩ፣ ሀሞኮቹን አቀራርባችሁ ስቀሉ፣ ስጋና አጥንት፣ የበላችሁበትን ድስትም ጭምር ከመኝታችሁ ራቅ አርጉ፣ ሀሞክ ስር ምግብ ያለበት ቦርሳ አታስቀምጡ። የቆዳ ጫማም ውጪ አይደር፣ ጅብ ቆዳ ይበላል። ባትሪ አንገታችሁ ላይ ይሁን፣ ስሊፒንግ ባጉም ዚፑ ከውስጥ ቶሎ የሚከፈት መሆኑን ቀን ላይ ሞክሩት።